ለሰሚዎች ሲደውሉ የኖሩት እትዬ ማዞሪያ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ጥላ ያገኛችሁትም ፀሐይ ላይ የቆማችሁትም ለጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። የማነብላችሁ የታላቅ እኅቴን የሕይወት ታሪክ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ስለ ኖርኩ፣ ቤተ ዘመዱ ተማክሮ ከአንተ በቀር ማን ይጽፈዋል ብሎ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠው። ደንቡ ስለሆነም ከዚህ በታች «ወንድማቸው» እያልኩ የማነሳው ሰው እኔው መሆኔን እንድታውቁልኝ።

ወላጅ አባታቸው፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቀርባት ሱቅ ውስጥ የሰውን ሰዓት ሲያስተካክሉ የሚውሉ፣ እርሳቸው ግን አንድም ቀን በሰዓቱ ለምሳ ደርሰው የማያውቁ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ወላጅ እናታቸው ደግሞ በሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ሲያጥቡና ሲተኩሱ የኖሩ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሴት ነበሩ። እኅታችን ለእነዚህ ወላጆች የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ ወንድማቸው እስኪከተላቸው ድረስም ሰባት ዓመት ያህል ቤቱን ብቻቸውን ሲያዙበት ኖሩ። ወንድማቸው ከተወለደ በኋላም ማዘዙን አልተዉም።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው በድንገት አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ያ ሁሉ ጨዋታ የነበራቸው እናታቸው መናገር አቆሙ፤ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ልብስ ያጥፋሉ፣ ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። ዘመድ አዝማዱ ሐዘን ነው ያልፋል እያለ ሲሄድ፣ እኅታችን ግን ከትምህርት ቤት ቀርተው የእናታቸውን እጅ ይዘው ወደ ሕክምና ወሰዷቸው፤ የመጀመሪያው በር ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ላካቸው፣ በሦስተኛውም እዚህ አይደለም ተብለው እንደ ሄዱ ተመለሱ። እናታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ በራሳቸው ጊዜ መናገር ቢጀምሩም የቀድሞው ሳቃቸው አብሮ አልተመለሰም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው የታይፕ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በከተማው አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ በስልክ ማዞሪያ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። የማዞሪያው ክፍል ከደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ብቸኛዋ መስኮቷም አውቶቡሶች ወደሚታጠቡበት ሜዳ የምታይ ስለነበረች፣ እኅታችን ዐርባ አንድ ዓመት ሙሉ ውኃ በሚንጠባጠብበት መስተዋት በኩል ዓለምን ሲመለከቱ ኖረዋል። ከዘጠና በላይ የሆነውን የውስጥ መስመር በቃላቸው ይዘውት ነበር። ሰውንም በድምፁ ያውቁት ስለነበር፣ አንድ መካኒክ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለመነጋገር ሲደውል፣ የሰውዬው ድምፅ ዛሬ ደግ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ ብትደውል ይሻልሃል ብለው ይመልሱት ነበር አሉ። «እትዬ ማዞሪያ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ በኋላ የሠራተኛ መታወቂያቸው ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ በዚህ መጠራት ስለ ለመዱ፣ በሙሉ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሲገኝ ምን አጠፋሁ ብለው ይደነግጡ ነበር።

ባለቤታቸው በዚያው ድርጅት የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ሲሆን፣ ከመተያየታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነበር፤ ሹፌሩ የመነሻ ሰዓታቸውን ለማስመዝገብ ከመናኸሪያው ሲደውሉ እኅታችን መስመሩን ለማገናኘት የሚፈጀውን ጊዜ ትንሽ ያስረዝሙት ነበር ይባላል። ተጋብተውም አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጃቸው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ባለቤታቸው በኩላሊት ሕመም ከዚህ ዓለም ተለዩ፤ ልጃቸውም ትምህርቷን ጨርሳ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያ በመሆኗ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ሳምንታትን የምታሳልፍ ሆነች።

የሕይወታቸውን ሁለተኛ ምዕራፍ የከፈተው ግን አሳዛኝ ነገር ነው። ከድርጅቱ ሹፌሮች አንዱ ለማንም ሳይናገር በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወደ ሰው ኃይል ክፍል መስመር እንዲሰጡት የጠየቃቸው እርሱ ነበር፤ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ጆሯቸው ነግሯቸው ነበር፣ ነገር ግን አራት መስመር እየጮኸባቸው ስለነበር አገናኝተውት ወደሚቀጥለው አለፉ። ከዚህ በኋላ ድርጅቱ አሠልጣኞችን ጋብዞ ሠላሳ ሁለት ሠራተኞችን የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ሲያሠለጥን፣ እኅታችን ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ሠልጣኝ ሆነው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሰውን ሳይፈርዱ ማዳመጥ፣ የሚያስፈራውን ነገር ሳያድበሰብሱ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ በመጨረሻም ወደሚመለከተው ባለሙያ መምራት በአራት ቀን ተምረው አበቁ። የምስክር ወረቀት ታደለ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ አሠልጣኞቹም በመኪናቸው ሄዱ። በመማሪያው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለተጨማሪ ድጋፍ ይደውሉ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሲሞከር አገልግሎት አይሰጥም፤ ለስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ሥልጠናው በተፈጸመ በወሩ አንዲት ትኬት ቆራጭ እያለቀሰች ወደ ማዞሪያው ክፍል ገባች። እኅታችን እንደ ተማሩት አዳመጧት፣ እንደ ተማሩት ጠየቋት፤ ወደ ባለሙያ መምራት የሚለው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን መጽሐፉ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ተገቢ አገልግሎት ይላኩ ከማለት በቀር የሚለው አልነበረም። በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘዋት ቢሄዱ አገልግሎቱ ማክሰኞ ብቻ ነው ተባሉ፤ በማክሰኞው ቢመለሱ ክፍሉ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል ተባሉ፤ ሕንፃውን ሲያገኙት ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር። ልጅቱ ይቅር እትዬ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ወደ ሥራም አልተመለሰችም፤ ቤት ለቃለች ተባለ እንጂ የደረሰችበትን ያወቀ ሰው የለም። እኅታችን ይህን ነገር ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየዕረፍት ቀናቸው ጠፍጣፋ ጫማ አድርገውና የተማሪ ደብተር ይዘው በከተማው ያሉትን በሮች ሁሉ በእግራቸው ማንኳኳት ጀመሩ። የሚጽፉት የሐኪም ስም አልነበረም፤ ሐኪም ይቀያየራል፣ ጥበቃ ግን ከበሩ አይነቃነቅም ይሉ ነበር። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ጥበቃው ምን እንደሚጠይቅ፣ ካርድ ክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ተራ የሚጠበቀው ቆሞ ይሁን ተቀምጦ፣ የሚያለቅስ ሰው ይዞ ለሚመጣ ፊት የማትነሣው ነርስ በየትኛው ቀን እንደምትገባ መዘገቡ። ይህንንም በታይፕ አሳምረው በአንድ ወረቀት ላይ በማውጣት «የበር ወረቀት» ብለው ለሠላሳ አንዱ ባልደረቦቻቸው አደሉ። በየሦስት ወሩም እንደ ገና ዞረው እየተመለከቱ ያድሱት ነበር፤ ከመታደሉም በፊት ለወንድማቸው ለእርማት ይልኩለታል። ወንድማቸውም ነጠላ ሰረዙን በቀይ እያስተካከለ ሲመልስላቸው፣ ጥበቃው ሰረዝ አይጠይቅም እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ከሠለጠኑት አንዱ የሆነው የድርጅቱ ጎሚስታ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ተወ፤ ጎማዎቹ መካከል ብቻውን ተቀምጦ ይበላል። ቀርበው ቢጠይቁት፣ አንድ ባልደረባው ከባድ ነገር ነግሮት ምስጢር ነውና ለማንም ሳይተነፍስ ተሸክሞት ከርሞ ነበር። እኅታችን ያን ቀን፣ የሚሰማውን ሰው የሚሰማው ከሌለ ሥልጠናው ግማሽ ነው ብለው ደመደሙ። መስመሩ ጸጥ በሚልበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሠላሳ አንዱም በየተራ መደወል ጀመሩ፤ የነገራችሁን ሰው ስም አትንገሩኝ፣ እናንተ ላይ ያደረገውን ግን ንገሩኝ ይሏቸው ነበር። በበር ወረቀቱ ጀርባም የሠላሳ ሁለቱን ስም ዘርዝረው፣ ከየስሙ ትይዩ «እርሱን የሚሰማው» የሚል ዓምድ ከፍተው፣ የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ሠላሳ አንድ ጊዜ ጻፉበት። ሐሙስን ሁሉ የሚዘጉት ለወንድማቸው በመደወል ነበር፤ ወንድማቸውም ስለ ጉልበቱ ይነግራቸዋል።

ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት አይዳረስምና ሕግ አወጡ፤ በዚህ ሳምንት ካልደወልኩላችሁ ደህና ናችሁ ብዬ ስላመንኩ ነው፣ አትቀየሙኝ አሏቸው። ይህ ሕግ ወዲያው እንደ ማዕረግ ተቆጠረ። ለእኔ ካልደወሉልኝ አራት ሳምንት ሆነኝ እያለ በጋራዡ ደረቱን ነፍቶ የሚዞር መካኒክ ነበር፤ ጎሚስታው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ታልፎ ስለማያውቅ በእርሱ ይስቁበት ነበር።

በጡረታ ሲሰናበቱ ድርጅቱ ሰዓትና የምስጋና ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ማዞሪያውም በማሽን ተተካ። እርሳቸው ግን ሐሙስን ከቤታቸው ሆነው በእጅ ስልካቸው ቀጠሉበት፣ በየሦስት ወሩም በሮቹን መዞር አልተዉም። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ያለው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ስልኩ ከመስኮቱ ሥር በአጭር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከጠረጴዛው ወዲህ አንድ ወንበር አለ፣ ወዲያ ማዶ ወንበር የለም። የቆሙበት ይበላሉ፤ ቁጭ ብሎ ለመብላት ሰው ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ጎረቤት በደረጃው ላይ ደህና ዋሉ ብሏቸው ያልፋል፣ እርሳቸውም ደህና ዋሉ ብለው ያልፋሉ። ደህና ነኝ ያላቸውን ሁሉ ሁለተኛ የሚጠይቁትን እኒህን ሴት፣ ሁለት ጊዜ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ይህን በወግ አማርኛ መሸፋፈን አልፈለግሁም፤ እኅታችን ብቸኛ ነበሩ።

የዛሬ ወር ገደማ የልብ ሕመም ጸናባቸው፤ ደረጃ መውረድ አቃታቸው፣ ቆይቶም ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሐሙስ መጣ፣ አልደወሉም። የሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ፣ አልደወሉም። እነሆ በዚህ ከተማ ውስጥ የሰውን ጭንቀት ከድምፁ ለመለየት የሠለጠኑ ሠላሳ አንድ ሰዎች እያሉ፣ እያንዳንዳቸው እትዬ አመኑብኝ፣ ደህና ሆኛለሁ ማለት ነው ብለው ደስ እያላቸው ወደየሥራቸው ሄዱ። ወንድማቸውም ሕጉ ለእርሱም የሚሠራ መስሎት ዝም አለ። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ጎሚስታው፣ ወይ እኔ ድኛለሁ ወይ እርሳቸው ታመዋል፤ እኔ ደግሞ እንዳልዳንኩ አውቃለሁ ብሎ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ቤታቸው ገሠገሠ። የቤት አከራያቸውን ቁልፍ አስመጥቶ ከፈተ። ካልጋቸው ላይ ሆነው ደረጃው አደከመህ ወይ ብለው ጠየቁት።

በሆስፒታል የቆዩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጎሚስታውን አስጠግተው የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ወደ ኋላ በር መዛወሩን፣ ወረቀቱ ላይ ሳይታረም እንዳይቀር አደራ አሉት። በሁለተኛው ቀን ወንድማቸው ገብቶ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ጉልበትህ እንዴት ነው አሉት፤ እርሱም የኦክስጅን ቧንቧ አፍንጫቸው ላይ እያየ፣ ስለ ጉልበቱ ረዘም አድርጎ ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከቁፋሮው ቦታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ደረሰች፤ እጇን ይዘው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ረፋዱ ላይ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

መርዶውን ለሠላሳው ባልደረቦቻቸው ለመንገር የበር ወረቀቱ ወጣ፤ ጎሚስታው ያውቅ ነበርና። ቁጥሩ ሁሉ የተመዘገበው በእርሳቸው ስልክ ላይ ስለነበር ወንድማቸው በዚያው ስልክ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ መደወል ያዘ። ስልኩን ያነሣ ሁሉ የደወሉለት እርሳቸው መስለውት በደስታ ነበር ያነሣው። እትዬ፣ ረሱን ብለን ነበር አለ አንዱ። ዘንድሮስ በጣም ደህና ነን ማለት ነው ብላ ሳቀች ሌላዋ። ወንድማቸው ሠላሳ ጊዜ እንዲህ ባለ ደስታ ሰላም ተባለ፤ ሠላሳ ጊዜም ያንን ድምፅ ሰበረው። መጨረሻ ላይ የደወለላት አንዲት ወጣት ሹፌር፣ አልቅሳ ስታበቃ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት፣ አጠገብዎ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ «ወንድማቸው» እያልኩ ማንበብ አልችልም። ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን ላጥፍ ስል ዓይኔ ከሠላሳ አንዱ ስም በታች ወዳለው ረድፍ ወረደ። የመጨረሻው ስም የእርሳቸው ነበር፤ «እርሱን የሚሰማው» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ የእኔ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ይህን ወረቀት ዐሥራ ሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ አርሜዋለሁ፤ ከዐርባ ጊዜ በላይ በዚያ ረድፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አልፌያለሁ። አንድ ቁጥር ሠላሳ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሲደጋገም የአራሚ ዓይን ቀሪውንም ያው ነው ብሎ ይዘለዋል፤ ሙያዬ እንዲህ ነው፣ ሰበብ አላደርገውም። ከዚያ የስልኩን መዝገብ ከፈትኩት። በታመሙባቸው በእነዚያ ሁሉ ቀናት የደወሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ሐሙስ፣ በተለመደው ሰዓት፣ ለእኔ። ሃምሳ ሰከንድ ይላል፤ ከላይ አልደወሉም ያልኳችሁ ይህን ሳላይ የጻፍኩትን ነው። አስታወስኩት። ቧንቧ ሠራተኛ ቤት ገብቶ ነበር፤ እታለም፣ ሰው አለብኝ፣ መልሼ እደውላለሁ አልኳቸው። እሺ፣ ሥራህን ጨርስ አሉኝ። አልደወልኩም። ጎርፎ የነበረውን ውኃ ጠራረግሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ረሳሁት።

ያን ጊዜ ለዚያች ለወጣቷ ሹፌር መልሼ ደወልኩላት። አሁን የነገርኳችሁን ነገርኳት። ምንም አይደለም አላለችኝም፣ አይዞዎት ብላም ቶሎ አላባረረችኝም፤ አለሁ፣ ይቀጥሉ ብቻ እያለች እስክጨርስ ድረስ መስመሩ ላይ ቆየችልኝ። እኅቴ ያስተማሯት ይህን ነበር፤ ለራሳቸው ግን ያገኙት ሃምሳ ሰከንድ ነው።

እኅታችን አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ ሠላሳ አንድ ሰሚዎችን፣ በእነርሱም በኩል የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው ያወቁ፣ ስማቸውን ግን እርሳቸውም ያልጠየቁ ብዙ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። ለልጃቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥልን። እኛ ጊዜ አጥተን ያልሰማናቸውን፣ የማይቸኩለው አምላክ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይስማቸው፤ ነግረው ሲጨርሱም ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።